በመጨረሻው ፌርማታ አንድ ሰው ወረደ

አንድ ተራ ቀን እትዬ ካርድን ይህን ያህል ያስወጣቸዋል፦ ጠዋት አውቶቡስ ጥበቃ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ከዚያ በሰው መሃል ተጣብቆ መቆም ሃምሳ ደቂቃ፣ የምክር ቤቱ ደረጃ ስልሳ አራት እርከን (ሊፍቱ «ለጥገና» ከቆመ ወዲህ ልጄ አራት ጥርስ አብቅላለች)፣ የሚጨበጥ እጅ ሠላሳ ገደማ፣ ከጉሮሯቸው ግማሹ። ማታ ደግሞ ያው ጥበቃ፣ ያው መቆም። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ጉልበት ይዘው በራችን ላይ ቆም ይሉና «ልጅቷ በላች?» ይሉኛል።

የምክር ቤት አባል ናቸው። ሰው ይህን ሲሰማ ጥቁር መኪና ይታየዋል። አባላቱን የሚያመላልስ ሰርቪስ አለ፤ ግን እኛ ዳገት ላይ አይወጣም። ሾፌሩ አንድ ቀን ሞክሮ «ይሄ መንገድ ጎማ ይበላል» ብሎ ተመለሰ፣ በዚያው ቀረ። ስለዚህ እትዬ ካርድ እንደኛው በዳገቱ አውቶቡስ ነው የሚሄዱት።

ከመመረጣቸው በፊት ዳገቱ አጋማሽ ላይ ባለው ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። በመስኮቷ ቀዳዳ ስምህን ተናግረህ ሳትጨርስ ካርድህ እጃቸው ላይ ነው። ከሳቸው አፍ «ካርድህ ጠፍቷል» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። እኔ ግቢያቸው ውስጥ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ስገባ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የክትትል ካርዴን ቁጥር እስከ ዛሬ በቃላቸው ያውቁታል፤ እኔ ረስቼዋለሁ።

ባለፈው ወር እሳቸው ወዳሉበት ቋሚ ኮሚቴ አንድ ደብዳቤ መጣ። የትራንስፖርት ቢሮው «የተጠቃሚው ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ» የዳገቱ መስመር እንዲታጠፍ ይጠይቃል። በአንድ ጉዞ በአማካይ ሦስት ሰው ይላል። መስመሩ ከታጠፈ ለክትባት ልጅ ያዘለች እናት፣ ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚመላለሱ አዛውንት፣ ሁሉም ያን ዳገት በእግሩ ሊወጣው ነው።

እትዬ ካርድ ደብዳቤውን ደጃፌ ላይ ቆመው አነበቡልኝ።

«ሦስት ሰው?» አልኳቸው።

«ትናንት እግሬን የረገጡኝ ብቻ አምስት ናቸው» አሉ።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቢሮውን በጽሑፍ ጠየቁ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፤ ቆጠራው በባለሙያ ተካሂዷል፣ አቅጣጫም ተቀምጧል ይላል። ውሳኔው የሚጸድቀው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። እሳቸው ደግሞ ሰው ሲጋፋ ከማየት በቀር በእጃቸው ማስረጃ የላቸውም። የረገጧቸውን ሰዎች ጫማ ምክር ቤት ይዘው አይገቡ ነገር።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሲመለሱ አንዲት ነርስ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ መቀመጣቸው ነበር። ውጪ ጉም ወርዷል፣ መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ነጭ ሆኗል፣ አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጀምር እንደ እሹሩሩ ያወዛውዛል። አንገታቸው ዘንበል አለ።

በሕልማቸው የካርድ ክፍሉ መደርደሪያዎች ጎማ አብቅለው በጉሙ ውስጥ ዳገቱን ይወጣሉ። በየፌርማታው ካርዶቹ እንደ ነጭ ወፍ እየተነሡ ይበርራሉ፣ በየሰዉ ደጃፍ ያርፋሉ። እትዬ ከኋላ ቆመው ቁጥራቸውን ይጠራሉ፤ ድምፃቸው ግን አይወጣም፣ የሚሰማው የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው። መደርደሪያው ባዶ ሆነ። አንዲት ካርድ ቀርታ ነበርና አንሥተው ቢያዩዋት የራሳቸው ናት።

«እናቴ፣ መጨረሻ ነው» አላቸው ሾፌሩ።

የሚወርዱበትን አምስት ፌርማታ አልፈዋል። ወረዱ። ጉሙ ከሕልማቸው ተከትሏቸው የወጣ ይመስል ሁሉን ነገር ሸፍኖታል። አንድ ትልቅ የውሃ ታንከር አለ፣ ግድግዳው ያላለቀ ቤት አለ። ከታንከሩ ሥር ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል።

«አንድ» አለ ለራሱ።

«ምኑ ነው አንድ?»

«እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥዎት፣ ይህን ጉዞስ ባዶ ብዬ ከመጻፍ አዳኑኝ።»

«ምን እየቆጠርክ ነው ወንድሜ?»

«የዚህን መስመር ተጠቃሚ። ከአውቶቡሱ የሚወርደውን። ውሳኔው እስኪወጣ ቀጥል ብለውኛል።»

እትዬ ካርድ ዞር ዞር ብለው አዩ። «እዚህ? እዚህ ማን ይወርዳል? ታንከሩ?»

ሰውየው ሳቀ። «እኔም ገርሞኛል።»

«ጤና ጣቢያው በር ላይ የወረደው ሁሉስ?»

«እሱ የኔ ቦታ አይደለማ። ወረቀቴ ላይ ሾፌሩ መፈረም አለበት፤ ሾፌሩ የሚያርፈው እዚህ ነው። ስለዚህ እዚህ ጠብቅ ተባልኩ፣ እጠብቃለሁ።»

«በየመሃሉ የሚቆጥር ሌላ ሰው አለ?»

«ብቻዬን ነኝ እናቴ።»

«ታዲያ ሦስቱ እነማን ናቸው?»

«አንዱ የታንከሩ ዘበኛ ነው። ሌሎቹ...» አቀርቅሮ ብዕሩን አሻሸ። «ሌሎቹ እንደ እርስዎ እንቅልፍ የጣላቸው ናቸው።»

እትዬ ካርድ ይህን ሲያወሩልኝ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እዚያ ግን አልሳቁም። ቅጹን አየት አድርገው «የቆጠራ ቦታ» የሚለው መስመር ባዶ መሆኑን አሳዩት። «ማንም እንድሞላው ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። «ይኸው እኔ ጠየቅኩህ፤ የተቀመጥክበትን ጻፍ። ቢሮ ስትገባ ከዚህ በፊት በላክሃቸውም ላይ ሙላ፣ ሥራህ ነው፣ እውነት ነው፣ ማንም አይቆጣህም» አሉት። እሱም ብዕሩን አነሣ። የቅጹን ቁጥር ደግሞ በቃል መያዝ ለሳቸው ልማድ ነው።

ስብሰባውን የሰማሁት በሬዲዮ ነው፣ የልጄን ልብስ እያጠብኩ። የሳሙናው አረፋ ክንዴ ላይ ይፈነዳል፣ የሰዎቹ ድምፅ ከሩቅ፣ ከውሃ በታች የሚመጣ ይመስላል። የቢሮው ኃላፊ ስለ ቆጠራው ብዙ አወሩ፣ በመጨረሻም «አቅጣጫ ተቀምጧል» ብለው ዘጉ።

ከዚያ ያቺ በመስኮት ቀዳዳ የማውቃት ድምፅ መጣች።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እኛ ስማችን ቋሚ ኮሚቴ ነው። ሕዝቡም አውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ ነው የሚሄደው። የተቀመጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። ማን ወንበር እንደለቀቀለት ይነገረን።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አፈ ጉባኤው ጠረጴዛ መቱ፤ «የተከበሩ አባል፣ ወደ ጥያቄዎ ይግቡ።»

«ጥያቄዬ አጭር ናት። ቆጣሪው የት ነበር የሚቆጥረው?»

«ቴክኒካዊ ዝርዝሩን በጽሑፍ እናቀርባለን» አሉ ኃላፊው።

«እጅዎ ላይ አለ። ቅጽ ሰባ ሁለት፣ ሦስተኛው መስመር። ይነበብልኝ።»

የወረቀት ኮሽታ ተሰማ። ቆየ። ውሃው በእጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ቆየ።

«መጨረሻ ፌርማታ» ሲሉ አነበቡ ኃላፊው፣ «ታንከሩ ሥር።»

«ከሱ በፊት ስንት ፌርማታ አለ?»

«አሥራ አንድ።»

«በአሥራ አንዱ የወረደው ሰውስ?»

ኃላፊው ያለ ምንም ማሳመሪያ «አልተቆጠረም» አሉ።

«አመሰግናለሁ» አሉ እትዬ ካርድ፣ ከልባቸው። እኔ ብሆን ስንት ነገር እጨምር ነበር!

ውሳኔው ለሠላሳ ቀን ታገደ። በአሥራ ሁለቱም ፌርማታዎች እንደገና ይቆጠር፣ ውጤቱ ወደ ኮሚቴው ይምጣ ተባለ። ማታ በሩ ላይ «አሸነፉ እኮ እትዬ!» ብዬ አቀፍኳቸው።

«ምኑን አሸነፍኩ የኔ እናት፣ ወር አገኘሁ እንጂ» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ቆጠራው ሰኞ ተጀመረ፤ ሐሙስ የመጣው ወረቀት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቀኑን ሙሉ መልስ የሰጠው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው ይላል። በአዲሱ አሠራር የሚመዘገበው የት እንደተሳፈረና የት እንደሚወርድ የተናገረ ሰው ነው። የኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ደብተር የያዘ ሰው ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በኩራት ነገረችኝ፤ «የት ነው የምትወርጅው ሲለኝ፣ ‹አንተን ምን አገባህ፣ ልታገባኝ ነው?› አልኩት!»

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው አልሳቁም። ጫማቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በጤና ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ለሚነበበው ለእናቶች ጋዜጣ ስለሳቸው እየጻፍኩ መሆኔን ያውቃሉ።

«እንግዲያው ስለ እኔ ያን ሁሉ ከምትደረድሪ፣ ይህችን አድርሺልኝ» አሉ።

እነሆ አደረስኩ። ወረፋ ይዘው ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እትዬ ካርድ እንዲህ ይሏችኋል፦ «ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶናል። ፌርማታው ላይ ደብተር የያዘው ልጅ ሲጠይቃችሁ እባካችሁ አትቆጡት፣ ስማችሁን አይፈልግም። የት እንደተሳፈራችሁና የት እንደምትወርዱ ብቻ ንገሩት። ልጅ ያዘላችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ‹ሁለት ነን› በሉት፣ ሁለት ብሎ ይጻፍ።»