ወይኔ ያልኩበት ሸክላ

ተማሪ ሆኜ አየርላንድ ሳለሁ ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር ባንድ ነበረን፤ እኔ ጊታር እጫወታለሁ። አድማጮቻችን ከልጆቹ እናቶችና እህቶች ብዙም አያልፉም። አንድ ሸክላ አሳትመን ተበተንን። ያኔ ስቱዲዮ ስንቀዳ የጊታሬ ክር ተበጥሶ ጣቴን ሲገርፈኝ «ወይኔ» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ ግን ጩኸቴን ወደዱትና ዘፈኑ ውስጥ ተዉት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ አሁን በምኖርባት የስዊድን ዋና ከተማ፣ ሶደርማልም ሰፈር አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ፣ ያንኑ ሸክላ አንድ ስዊድናዊ አዛውንት እጅ ላይ አየሁት። አጠገባቸው ልጃቸው ቆማለች። አላስቻለኝም፤ «እዚህ ላይ የምጫወተው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ሟች ባለቤታቸው እርጉዝ ሳሉ ይህን ዘፈን ነጋ ጠባ ይሰሙ ነበር። «ለልጃችን ስም ያወጣችላት ከዚሁ ነው፤ ወይኔ ትባላለች። የአይሪሽ ቃል ይመስለናል። ትርጉሙ ምንድን ነው?»

የሞተች ሴት ያወጣችውን ስም «ጣቴን አሞኝ ነው» ይሉታል? ደግነቱ አማርኛ ሆደ ሰፊ ነው።

«አማርኛ ነው፤ የኔ ወይን ማለት ነው» አልኳቸው። እኛስ ወይንሸትን ስናቆላምጥ ወይኔ እንል የለ?

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሸክላውን ሊያስጠቀልሉ ሲሄዱ ልጅቷ ጠጋ አለችኝ።

«ሪንከቢ ሰፈር ነው የማስተምረው» አለችኝ። «ሐበሻ ተማሪዎቼ ስሜን የሰሙ ዕለት ስቀው ትርጉሙን ነግረውኛል። ለአባዬ ያንተው ይሻላል።» ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግን እስከዛሬ ያልገባኝ፣ ምን ሆነህ ነበር?»