ዛጎል የማይመለስበት ወለል

ሴትየዋ በባሕር ጥናት ጣቢያ ከባሕር ወለል የወጣ ጭቃ በወንፊት እያጠበች፣ ውስጡ የቀሩትን እንስሳት ትለያለች። ድሮ ጭቃው እንደየሰፈሩ ይለያይ ነበር፤ ከወንዙ አፍ የመጣው በትል ይርመሰመሳል፣ ከማዶው አሸዋ የመጣው በዛጎልና በባሕር ኮከብ ይሞላል። ወቅት ሲቀየር ሕይወቱ ይመናመናል፣ ወቅቱ ሲመለስ ያገግማል። ወደቡን ለማስፋት ወለሉ ከተቆፈረ ወዲህ ግን የትም ቢቀዳ አንድ ሆነ፤ የሚከረፋ ጥቁር ጭቃና ክር የመሰለ ትል ብቻ።

ባሏ እየጠለቀ ዛጎል በመልቀም ቤቱን ያኖረ ሰው ነው። ከሥራ ስትገባ "ዛሬስ? ዛጎል ታየ?" ይላታል።

"ገና ነው።"

"ግድ የለም፤ ባሕር ቂም አይዝም" ብሎ ጀልባውን መቀባቱን ይቀጥላል።

አንድ ቀን አለቃዋ ጓንቱን እያወለቀ፣ "እትዬ፣ እዚህ ቦታ መቅዳት እናቆማለን። ለእንስሳቱ ዘር የሚልክላቸው ጎረቤት ወለል ስላልቀረ፣ የሞተው ሞቶ ቀርቷል" አላት።

ቤት ስትደርስ ባሏ እጁ በቀለም ተጨማልቆ ጠበቃት። "ዛሬስ?"

"ዛጎሎቹ አይመለሱም፣ የኔ ጌታ። በከንቱ አትልፋ።"

ብሩሹን አላስቀመጠም። "ይቺን ጎን ልጨርሳት" ብሎ ጀርባውን ሰጣት። እሷም የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።