የኤዶ ሐዋ ካርታ

መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነበር። ባሌን ተከትዬ ከደብረ ብርሃን ድሬ ዳዋ ከመጣሁ ገና ሦስት ወር መሆኔ ነው። ሙቀቱን አልለመድኩትም፤ ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በግራ እጄ መሐረብ ይዤ በቀኜ እጽፋለሁ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ተስፋዬ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ትልቁን የቤት ባለይዞታዎች መዝገብ ፊቴ ዘረጉና፣ «ስፋት ላይ ብትሳሳቺ ቀያሹ ሜትሩን ይዞ ሄዶ ያርመዋል። ስም ላይ እንዳትሳሳቺ» አሉኝ።

«ኧረ በጭራሽ፣ ጌታዬ!» አልኩ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ለይቼ ነው ያደግኩት። ጽሕፈቴም ያምር ነበር። አቶ ተስፋዬ ከሰዓት በኋላ የጻፍኩትን ገጽ አይተው ሌሎቹን ሠራተኞች ጠሩ። «ኑ፣ ጽሕፈት እዩ!» አሉ። ደስታዬን አልችለው አልኩ።

ሥራዬ ይኸው ነበር። ቤት የሚሸጥ፣ የሚገዛ፣ ቤቱን አስይዞ ከባንክ የሚበደር ሁሉ በእኔ መስኮት ያልፋል። ማህደሩን አወጣለሁ፣ ከመዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ፤ ቤቱ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ደብዳቤ አዘጋጃለሁ። ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ስለማይ ሠራተኞቹ «እትዬ ድገሚው» የሚል ስም አወጡልኝ። ድሬ ውስጥ ቅጽል ስም ሳይወጣለት የሚኖር ሰው የለም።

አንዴ አንድ ነጋዴ የወንድሙን ቤት ልሽጥ ብሎ ውክልና ይዞ መጣ። አነበብኩት። «ያስተዳድርልኝ፣ ያከራይልኝ ይላል፤ ይሽጥልኝ አይልም» አልኩት።

«አቦ፣ አንድ ቃል እኮ ናት!»

«አዎ፣ አንድ ቃል ናት። ወንድምህ ይጨምርልህና ተመለስ።»

ሌላው ደግሞ ሚስቱን ሳያመጣ የጋራ ቤታቸውን ሊሸጥ መጣ። መልካ ጀብዱ ሄዳለች፣ በስልክ ተስማምታለች አለኝ። «ከመልካ ጀብዱ ሚኒባስ አለ፤ ትምጣና ትፈርም» ብዬ መለስኩት። እየተሳደበ ወጣ። እንዲህ ዓይነቱን ስድብ እንደ ምስጋና እቆጥረው ነበር፤ ትዕቢቴ ልክ አልነበረውም።

ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ሲቀረኝ ኤዶ ሐዋ መጣች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ሁሉም የሚጠራት እንዲያ ነው። እኔም የአልጋ ልብሴን የምገዛው ከእሷ ነበር። በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቱ ስላት ትቆጣለች፤ «አርጅተሻል ማለትሽ ነው?» ትለኛለች። የዚያን ቀን ግን ጨዋታ አልነበራትም። ካርታዋን በመስኮቱ ወርውራልኝ፣ «አንቺ፣ ይቺ ሔዋን የምትባለው ማናት? ቤቴ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቷ ደቻቱ ዳር ነው። ያ ደረቅ ወንዝ ውኃ ይዞ በመጣ ቁጥር ዕቃዋን ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ መሮጥ ሰልችቷታል። ቤቱን ሸጣ ሳቢያን የሚባለው ሰፈር ትንሽ ቤት ልትገዛ ተስማማች። ከገዢው ቀብድ ተቀበለች፤ ያንኑ ቀብድ ለሳቢያኑ ቤት ቀብድ አድርጋ ከፈለች። ውል ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ግን መታወቂያዋ ሐዋ ይላል፣ ካርታው ሔዋን ይላል። መዝጋቢው አልፈርምም አለ። ገዢው ደግሞ ቀን ቆርጧል። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ካላስመዘገበች ቀብዱን እጥፍ አድርጋ ትመልሳለች፤ የሳቢያኑም ቤት ያመልጣታል።

የአማርኛ ፊደል አታነብም፤ የምታነበው ዓረብኛና በላቲን የሚጻፈውን ሶማሊኛ ነው። ግብሩን ሁልጊዜ የምትከፍለው በቤት ቁጥሩ ስለሆነ ስሙን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ። ሟቹ ከእኔ ደብቆ ያገባት ሴት አለች?» ዓይኗ አብጧል። ለካ እንቅልፍ አጥታ የሞተ ባሏን በልቧ ስትከስ ነው የሰነበተችው።

«ኧረ ኤዶ፣ የምን ሴት! ቆይ ላጣራ» ብዬ መዝገቡን ላወጣ ገባሁ።

ገጹን ገለጥኩት። ሔዋን። የሔ ቅጥል፣ የን ጅራት፣ ሁሉም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ የጻፍኩት። ማህደሩ ውስጥ ያለው የራሷ ማመልከቻ ሐዋ ይላል፣ ሥሩ አሻራዋ አለ። አልተሳሳትኩም ነበር፤ አርሜው ነው። ሐዋ ማለት ያው ሔዋን አይደለች? ሰዎቹ በአማርኛ አጥርተው መናገር ስለማይችሉ ትክክለኛውን ልጻፍላቸው ብዬ ነው። አፈር ልብላ!

የክፍሉ ኃላፊ አሁን አቶ ደረጀ ነው፤ ልጄ የሚሆን፣ ጨዋ፣ ግን ደንብ ላይ ፍንክች የማይል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት።

«ከሁለቱ የቱ ትክክል እንደሆነ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ?» አለ። «መዝገቡን የጻፈው ሠራተኛ የጽሕፈት ስህተት ነው ብሎ ቃሉን ከሰጠ እኛው እናርመዋለን። ጻፊው ከሌለ ፍርድ ቤት ሄዳ አንድ ሰው መሆኗን ታስወስን።»

ፍርድ ቤቱ ቢፈጥን ሁለት ወር ነው። እሷ ያላት አሥራ ሁለት ቀን።

«ያኔ አቶ ተስፋዬ የሚባሉ ነበሩ አይደል? በሕይወት አሉ?» አለኝ።

«ሞተዋል» አልኩ።

እውነት ነው፣ ሞተዋል። ግን ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ጡረታዬን ፈራሁ፣ በዲሲፕሊን መከሰስን ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን «እትዬ ድገሚው የሰው ስም ለወጠች» መባልን ፈራሁ። ውሸታምም ፈሪም ሆኜ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ኤዶ ሐዋ በየጠዋቱ መጣች። አሥራ አንድ ቀን፣ አሥር፣ ዘጠኝ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ገዢው ነው፤ በሶማሊኛ ትለምነዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ መልሳ ትለምነዋለች።  ሌላ ባለጉዳይ ሳስተናግድ እንኳ ከማህደሩ ላይ ያለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ገልብጬ ጻፍኩ።

ስምንት ቀን ሲቀራት ጠበቃ አነጋግራ መጣች። ጠበቃው አይደርስም ብሏታል። መስኮቱ ላይ ተደገፈች።

«የጻፉት ሰውዬ ሞተዋል አሉኝ» አለች።

የያዝኩትን ማህደር መገልበጥ ቀጠልኩ።

«አላህ ይማራቸው። ዋላሂ አልቀየምኳቸውም። ሆን ብለው አላደረጉትም፣ ሽማግሌ ነበሩ፣ ዓይናቸው ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነስቼ አቶ ደረጀ ቢሮ ገባሁ፤ በሩንም አላንኳኳሁ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ ጡረታዎ እኮ ሦስት ወር ነው የቀረው። ይህን ወረቀት ላይ ካሰፈሩት መመለሻ የለውም።»

«ወረቀት ስጠኝ።»

ጻፍኩ። የመዝገቡን ቁጥር፣ ገጹን፣ መስመሩን፣ በራሴ ፈቃድ ስሙን እንደለወጥኩ። ቀደም ሲል ተጠይቄ መደበቄንም ጨመርኩ። ፈረምኩ። ያ የሚያምረው ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት መሰለ። ከዚያ ወጥቼ ለእሷም ራሴ ነገርኳት፤ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሽማግሌውን ጥፋተኛ ሳደርግ እያየሽኝ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«ባሌን ስጠረጥርም?»

«አዎ።»

ነጠላዬን እያፍተለተልኩ ቆምኩ። እሷ ሻርፗን አስተካክላ አግዳሚዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። 

እርማቱ ማስታወቂያ ተለጥፎ፣ ተቃዋሚ ጠፍቶ፣ ደብዳቤው የተፈረመው አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ውሉ በማግስቱ ተመዘገበ። እኔ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣሁ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ማህደሬ ውስጥ ገባ። የጠበቅኩት ከዚያ የባሰ ነበር።

አዲሱን ካርታ ልትወስድ ስትመጣ «አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። «ጮክ በይ።» ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ሦስቴ አነበብኩ። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ቆመች።

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አለች።

«ምኑ?»

«ስሙን የለወጥሽው። የእኔን ብቻ ነው?»

 በእነዚያ ሁሉ ቀናት አንድም ጊዜ አላሰብኩትም ነበር። መዝገቡን አምጥቼ እፊቷ ገለጥኩት። ሁለት ገጽ እንኳ አልሄድንም፤ አብርሃም የሚል አገኘን። የአባቱ ስም አሕመድ ነው።

የቀሩኝን ወራት በዚያ ሥራ ጨረስኳቸው። ከማመልከቻዎቹ ጋር እያመሳከርኩ ኢብራሂሞችንና ሐዋዎችን አገኘሁ፤ ያሉበትን አፈላልገን አረምን። ከአንዳንዱ ማህደር ግን ማመልከቻው ጠፍቷል፤ መዝገቡ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ዮሴፍ ይላል። ድሬ ውስጥ ዮሴፍም ዩሱፍም ጎን ለጎን ነው የሚኖረው። ያ ሰው ራሱ ዮሴፍ ይሁን ወይስ እኔ ያደረግኩት፣ የጻፍኩት እኔ ሆኜ ሳለ አላውቅም።

ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ ስም ባለቤቱ እንደጠራው ይጻፋል፤ ከተጻፈ በኋላ ይነበብለታል። ቤት ላለው፦ ካርታህን ዛሬ አውጣና ስምህን አንብብ፤ ማንበብ ካልቻልክ አስነብብ። ጻፊው ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ በሕይወት ኖሮም ዝም ሊል ይችላል።