አራት ቤት ያልተሻገረው አደራ

ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። እናንተ ግን መጽሐፌን አንብባችሁ ስላመሰገናችሁኝ መስማት አለባችሁ።

ለወጣቶች የጻፍኩት ልብ ወለድ ነው። ሰዎቹ ዕቃ ሲገዙ፣ ሲጥሉ፣ ደግሞ ሲገዙ ኖረው አንድ ቀን ስልኩ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ከተማይቱም ትፈርሳለች። የምታተርፋት መልእክት በእግሯ እየዞረች የምታደርስ አንዲት ልጅ ናት። «ይህችን ልጅ ከየት አመጣሃት?» ስትሉኝ ከሐሳቤ ነው እላለሁ። ዋሽቻለሁ። ልጅቷ እኔ ያላደረግሁትን ነው የምታደርገው።

ኔትወርክ በተቋረጠ ሰሞን ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ወረድኩ። ለምን? አዲስ ሞባይል ልገዛ። ኔትወርክ በሌለበት አገር፣ ካሜራው አምሮኝ። እዚያ አንድ የአፋር ግመል ነጋዴ የከሚሴ ሰው መሆኔን ሲሰማ አስቆመኝና እንደ ወጉ ዳጉ፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውን ወሬ፣ ነገረኝ፤ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ። ባቲ ያሉት የሰዓዳ እናት በጠና ታመዋል፤ ከሚሴ ያለችውን ልጄን ጥሩልኝ ብለዋል።

«ዳጉ አማና ነው፣ አደራ» አለኝ። «ከእኔ ወርዷል፤ አሁን ያንተ ነው።»

እሺ አልኩት። ሰዓዳ ጎረቤቴ ናት፤ በመካከላችን ያለው አራት ቤት ነው።

ቤቴ ስገባ አዲሱን ስልክ ከካርቶኑ አወጣሁ። ስነካካው መሸ። ኔትወርክ ሲለቀቅ እደውልላታለሁ አልኩ። አራት ቤት ለምትርቅ ሴት ኔትወርክ ጠበቅኩ። ሞኝ ነበርኩ ልበል? አልነበርኩም። ለመሄድ ሰነፍኩ፣ ስልኬ ጣፈጠኝ። ነገ ስል፣ ነገ ስል በሦስተኛው ቀን መርዶው ቀድሞኝ ደረሰ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሰዓዳ «የሚነግረኝ ባገኝ በእግሬም እደርስ ነበር» ስትል ሰማሁ። አንገቴን ደፋሁ። ሰው ያዘንኩ መሰለው።

ዘንድሮ ልጇ መጽሐፌን አነበበችላት። መንገድ ላይ አግኝታኝ «እንደዚያች ልጅ ያለ ሰው ቢኖረኝ እማዬን በሕይወት አገኛት ነበር። አላህ ይውደድህ ወንድሜ» አለችኝ።

እኔም አሚን አልኩ። ዱዓዋን ተቀበልኩ። መልእክቱን ካለማድረሴ ይልቅ በዚህች አሚን አፍራለሁ።

እናንተን አፉ በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አፉ በይኝ ማለት ያለብኝ ሰዓዳን ነው፣ ደጇ ቆሜ። እኔ ግን ይኸው ለማላውቃችሁ ሰዎች እጽፋለሁ። ቤቷ ዛሬም ከእኔ አራት ቤት ነው የሚርቀው።