ሳድጋንጅ ራሷን የነቀነቀችበት ጠዋት

ማህጉል አማቷን ይቅር ብላ አታውቅም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከቋንቋችን መጀመር አለብኝ።

እኛ በካላት ተራሮች የምንናገረው ብራሁዊ አጠገቡ አንድም ዘመድ የለውም። ታሚልና ቴሉጉ፣ የሥጋ ዘመዶቹ፣ የሚነገሩት እጅግ ርቆ በሕንድ ደቡብ ነው። ታዲያ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን? አንዳንድ ሊቃውንት «ዘመዶቻችሁ ወደ ደቡብ ሲወርዱ እናንተ ቀራችሁ» ይሉናል። ሌሎች ደግሞ «ዘግይታችሁ ከዚያ የመጣችሁ ናችሁ» ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም፤ ደስ የሚለውም ይኸው ነው! እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ብራሁዊ በጎረቤቶቻችን ቋንቋ በባሉቺ ተከቦ ሳለ እንዴት እንዳልሞተ ነው። መልሱን ያገኘሁት በማህጉል ድንኳን ነው፤ ቋንቋ ከቤት የሚወጣውም ወደ ቤት የሚገባውም ከምራት ጋር ነው።

ሳድጋንጅ ከካቺ ሜዳ ለብራሁዊ ሰው የተዳረች ባሉቺ ተናጋሪ ነበረች። ባሏ ገር ስለነበር ቤቱን ሁሉ ወደ ባሉቺ አዞረችው። ልጇ ጂያንድ ብራሁዊን ከአባቱ ሰምቶ ያውቃል፤ በእናቱ ፊት ግን አይናገረውም። የጂያንድ ሚስት ማህጉል የበኩር ልጇን በብራሁዊ ስታባብል ሳድጋንጅ በእንግዶች ፊት አፏን በጥፊ አለቻት።

«በቤቴ እንደ ፍየል አትጩኺብኝ!»

«እሺ፣ እማማ» አለች ማህጉል፣ ደሟን እየዋጠች።

ሳድጋንጅ በዚህ አልበቃትም። ሌሎቹ ምራቶች ጥልፍ ሲጠልፉ የሁሉንም ልጆች የመጠበቁን ሥራ በማህጉል ላይ ጫነችባት። ማህጉልም ከመንጋው ጋር ይዛቸው እየወጣች ሁሉንም በብራሁዊ አሳደገቻቸው።

የበኩሯ ዱርዳና ለጋብቻ ስትደርስ አያቷ በካቺ ላለው የወንድሟ ልጅ አሰበቻት። ማህጉል ልጇ ወደዚያ ከሄደች ቋንቋው በእሷ እንደሚያበቃ ታውቃለች። ስለዚህ ብራሁዊ በሚነገርበት በጃላዋን የምትኖረው ናዝቦ ዱርዳናን ለወንድ ልጇ እንድትጠይቅ በስውር መልእክት ላከችላት።

በእኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ከሻይ በፊት «ሀል» የሚባል የወሬ ልውውጥ አለ። የቤቱ ትልቅ ሰው እንግዳውን ወሬ ይጠይቃል፤ እንግዳው እስኪጨርስ ማንም አያቋርጥም። ትልቁ ራሱን ከነቀነቀ ተስማማ ማለት ነው።

ናዝቦ አንድ ጠዋት መጥታ ሀሉን በብራሁዊ ጀመረች፦ ዝናቡን፣ ሳሩን፣ የታመመውን ግመል፣ በመጨረሻም ልጅቷን። ሳድጋንጅ አንድም ቃል አልገባትም። በገዛ ድንኳኗ፣ በምራቷ ፊት አልገባኝም ትበል? ዝም ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ደጋግማ። ጂያንድ እናቱን በመገረም አየና «እንግዲያስ ሰጥተናል» አለ። ልጆቹ ዱርዳናን ከበቧት።

«ምንድን ነው? ምን አለች?» አለች ሳድጋንጅ በባሉቺ።

«ዱርዳናን ለልጄ ስጡኝ አለች። እርስዎም ሰጡ፣ እማማ፤ አንገትዎ እስኪዝል ነቀነቁ እኮ» አለች ማህጉል።

«አታለልሽኝ፣ አንቺ እባብ!»

«እኔ? ቃል ተነፈስኩ?»

በእንግዳ ፊት የተሰጠ ቃል አይመለስም። ዱርዳና ጃላዋን ገባች፤ ዛሬ ልጆቿ ከብራሁዊ ሌላ አያውቁም። የሳድጋንጅ ዓይን ደክሟል። ውሃ በባሉቺ ትጠይቃለች፤ የልጅ ልጆቿ በብራሁዊ እየመለሱ ያልፏታል።

ማህጉልን «አሁንስ አይበቃሽም?» አልኳት።

ክሯን እየፈተለች ሳቀች። «ውሃውን በብራሁዊ ትለምነኝና እናያለን።»