አክስቴ ዓይኗን በሌዘር ልትታከም ስትል

አክስቴና መነጽሯ እሳትና ጭድ ናቸው። ልጅ ሆና «አራት ዓይና» እያሉ አቃጥለዋታል፤ ያ ስድብ እስከ ዛሬ ከሆዷ አልወጣም። መንገድ ስትሻገር ታደርገዋለች፣ የምታውቀው ሰው ሊመጣ ይችላል ብላ ካሰበች ቦርሳዋ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ከዚያ የገዛ ወንድሟን ሰላም ሳትለው ታልፋለች። አባቴም ኮራችብኝ ብሎ ያኮርፋል።

ሥራዋ ጥልፍ ነው። የሙሽራ ቀሚስ አንገት፣ የትራስ ልብስ፣ የሕፃን ኮፍያ ትጠልፋለች። ለዚህ መነጽር ምን ያደርግላታል? ዓይኗ የሩቁን ባያይም የቅርቡን እንደ ጉድ ያያል። አፍንጫዋ ጨርቁን ሊነካ ይደርሳል፣ መርፌዋ ግን አይስትም። ሱቃችን ውስጥ እሷ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ የስፌት መኪናዬ ላይ፤ እንዲህ ሆነን ዓመታት ነጎዱ።

አንድ ቀን ድንገት «ዓይኔን በሌዘር ልታከም ነው» አለችኝ።

«ዛሬ ምን ተገኘ? ምን ልታዪ?»

አፈረች። አክስቴ! እኔ እሷ ስታፍር አይቼ አላውቅም።

ለካስ ጉድ አለ። ጠዋት ጠዋት በመስኮታችን ፊት የሚያልፈው የቀዩ አውቶቡስ ሾፌር እጁን ያነሳላታል። እሷም ታነሳለታለች። ፊቱን አታውቀውም። የሚታያት አንድ ትልቅ ቀይ ነገርና ከመስታወቱ ኋላ ከፍ የሚል እጅ ብቻ ነው።

«መነጽርሽን አድርገሽ አታዪውም እንዴ?»

«መነጽር አድርጌ እንዲያየኝ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት። ብቻዋን የኖረች ሴት ናት። ፀጉሯን እንደዚያ አሳምራ የምታበጥረው፣ ከእኔ ቀድማ ሱቅ የምትከፍተው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንጀቴን በላችው።

ይዣት ሄድኩ። የዓይን ሐኪሟ ረጋ ያለች ወጣት ናት። የመነጽርዎ ቁጥር በቅርቡ ተለውጧል? ዓይንዎ ይደርቃል? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ብቻ ያልጠየቀችው የለም። ሌዘሩ የሚጠርበው የዓይንን የፊት ሽፋን ስለሆነ ውፍረቱን በመሣሪያ ለካች፤ ስስ ከሆነ አይነካም። የአክስቴ ደህና ነው ተባለ።

«አንድ ነገር ግን ይወቁ» አለች ሐኪሟ። «ዕድሜዎ ከአርባ አልፏል። አሁን ያለ መነጽር መርፌ የሚታይዎት፣ ዓይንዎ ለቅርብ ስለሆነ ነው። ሩቁን ካስተካከልንልዎ ቅርቡ ይደበዝዛል፤ ለጥልፉ የማንበቢያ መነጽር ይፈልጋሉ። የተጠረበው ደግሞ አይመለስም።»

«ከድጡ ወደ ማጡ ነዋ!» አልኩ እኔ።

«ለዚህ ነው ቀድመው ይሞክሩት የምለው። ዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ እሰጥዎታለሁ። ከሌዘሩ በኋላ የሚታይዎትን ያሳይዎታል። ጥቂት ቀን ሥራዎ ላይ ይዋሉበት፣ ሲተኙ ያውጡት። እሺ ካሉ ደግሞ ሌንሱን ትተው ዓይንዎ ሲያርፍ እንደገና እለካለሁ።»

በማግሥቱ ሌንሱን አድርጋ መጣች። ከሱቃችን መስታወት ራቅ ብላ ቆማ ፊቷን አየችና «ለካስ ቆንጆ ነበርኩ» አለች። መርፌው ግን አልታይ አላት። ክሩን ለማስገባት ታግላ ታግላ ለእኔ ወረወረችልኝ፤ ግድም አልሰጣት። ልቧ መንገዱ ላይ ነው።

አውቶቡሱ ሲመጣ እኔም ሥራዬን አቁሜ ዞርኩ። ሾፌሩ ጎልማሳ ነው፣ ፂሙን የተከረከመ፣ ደስ የሚል ሰው። እጁን አነሳ። አክስቴም አነሳች። የሱ ዓይን ግን ወደ እኛ አልነበረም። ከወዲያ በኩል ሌላ ቀይ አውቶቡስ ይመጣ ነበር፤ የዚያም ሾፌር እጁን አነሳ። ሾፌሮች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ፣ ያ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የሚተላለፉት እኛ መስኮት ፊት ነው።

የአክስቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ አወረደችውና ቀሚሷን አስተካከለች።

«መልከ መልካም ነው» አልኳት።

«ነው» አለች። «ሳቁ ደግሞ ያምራል።»

አላለቀሰችም። ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ጋ ስንመለስ «ሌዘሩ ይቅርብኝ፣ ለመርፌው አልተመቸኝም» አለች። ውሸት አይደለም።

በማግሥቱ ጨርቋ ላይ አጎንብሳ ስትጠልፍ የአውቶቡሱ ድምፅ መጣ። እኔ እሷን ላለማየት ክር እፈልጋለሁ። ቀና አለች። መነጽር የለ፣ ሌንስ የለ። እጇን አነሳች።

«አክስቴ! እያወቅሽ?»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ» አለችኝ። «ያለ መነጽር ሲታይ ለእኔ ነው።»