ሳልነግረው ያወጣሁት ማጣሪያ

ዛሬ ሲሬ መናኸሪያ ከአንድ ሚኒባስ የተቃጠለ ዘይት ቢሸተኝ ፊቴ ጋለ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የአባቴ አሮጌ መኪና ዳገት ይከብዳት ስለነበር፣ የአየር ማጣሪያው ቢወጣ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል ሲሉ ሰምቼ ሳልነግረው አወጣሁት። የፈጠነች መስሎን ሁለታችንም ደስ አለን። መኪናዋ ግን ያለ ማጣሪያ በጋውን ሙሉ የአንገር ጉቲንን መንገድ አቧራ ስትምግ ከረመች። አንድ ቀን ምጥ የያዛትን አክስቴን ወደ ነቀምት ስንወስድ፣ አቧራው የበላው ሞተር ዘይት እያቃጠለ፣ ዳገቱ መሃል በጭስ ታፍና ቆመች። አክስቴ እዚያው መንገድ ዳር ወለደች። ደግነቱ ሁለቱም ተረፉ።

አባቴ አክስቴ አጠገብ ተንበርክኮ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ መኪናዋን በደንብ አልያዝኳትም» አላት። ሳለቅስ አይቶኝ ደግሞ፣ «አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አለኝ።

አባቴ ያን ቀን ባነሳ ቁጥር አሁንም ራሱን ይወቅሳል። እኔም አሁንም ዝም እላለሁ።